ባልዲ ውስጥ የተጣለው የዓይኔ ሥጋ

ዳባት ላይ ከዓይኔ ሥጋ ቆርጦ ባልዲ ውስጥ የጣለ ሰው አለ። ዛሬም እዚያው ነው፣ ዛሬም ነጭ ጋወኑን ለብሶ ይቆርጣል። ስሙን አልናገርም፤ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት የምጉላላበት ዕድሜ የለኝም። ነገሩን ግን እናገራለሁ፣ እንደናንተ ያለ ሰው ሰምቶ እንዲጠነቀቅ።

አንጓች እባላለሁ። ቤቴ ከደባርቅ ወረድ ብሎ ነው፤ ገበያው ለመድረስ በኔ እግር እንኳ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ፊደል አልቆጠርሁም። ይኼን በስልኳ የምትጽፍልኝ የልጄ የመልካሙ ሚስት ብርቄ ናት። እንደተናገርሁት ጻፊ ብያታለሁ። ባሏን የምወቅስበት ቦታ ስንደርስ እጇ ይዘገያል። እያየሁሽ ነው እላታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ቀኝ ዓይኔን ሲቆረቁረኝ ነው፣ አሸዋ የገባበት ይመስል። በኛ አገር ዓይን ቆረቆረ ማለት ፀጉር ነው። ትራኮማ የሚሉት በሽታ የዓይንን ቆብ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፣ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየወጋ ያጠፋዋል። እናቴን ይዟት ነበር፣ እኔንም በወጣትነቴ ይዞኝ ነበር። ስለዚህ በመንደራችን ወረንጦ የሌላት ሴት የለችም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጠሐይ ላይ እንቀመጥና አንዷ የአንዷን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ የሚወጋውን ፀጉር ትነቅላለች። የሰፈሩ ሐሜት ሁሉ የሚያልፈው እዚያ ነው።

ከልጅነት ጀምሮ ወዳጄ የሆነች ታከለች አለች፤ በወረንጦ የሷን እጅ የሚያክል የለም። ራሴን ጭኗ ላይ አስተኛችና ዓይኔን ገለጥ አድርጋ አየች።

«ፀጉር አይታየኝም» አለች።

«አንቺ መቼ ታይቶሽ ያውቃል። ይወጋኛል እኮ።»

«እንግዲያው ሁሉንም ልንቀለው?»

«ንቀይው።»

ነቀለችው፣ አንድ ሳታስቀር። ዓይኔ የተመለጠ ዶሮ መሰለ፤ ስንስቅ ዋልን። መቆርቆሩ ግን አልተወኝም። ሲበቅል ደግማ ነቀለች። እንዲህ ስንል ክረምቱ ወጣ። ታከለችን አልቆጣትም፤ እሷ ፀጉር የለም ብላኝ ነበር። ከሷ በኋላ ያገኘኋቸው የተማሩት ያንን ያህል እንኳ አላዩም።

መስከረም ላይ የታችኛውን ቆብ በመስታወት ገልጬ ሳይ አንድ ነገር ተኝቷል። የግልገል ድድ የመሰለ ለስላሳ ሥጋ ነው። ብነካው አያመኝም። ይኼን ልብ በሉልኝ፣ አያምም። ቢያመኝ ኖሮ እጮህ ነበር፣ ስጮህ ደግሞ የሚሰማኝ አላጣም ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ተረኛዋ ልጅ ከወንበሯ ሳትነሳ «ትራኮማ ነው እማማ» ብላ ቅባት ሰጠችኝ።

«እስቲ የኔ ልጅ፣ ገልጠሽ እዪው።»

«እዚህ አገር ዓይኑን የታመመ ሁሉ ትራኮማ ነው» አለችኝ።

ቅባቱን ጨርሼ ስመለስ ሌላ ልጅ ተቀምጧል። እሱ ደግሞ አለርጂ ነው፣ ጭስ አትቅረቢ አለኝ። ጭስ ካልቀረብሁ ምን ልበላ ኖሯል። በሦስተኛው እርጅና ነው ተባልሁ። «እርጅና ከሆነ ለምን አንድ ዓይኔን ብቻ መረጠ? ሌላው አካሌ ሁሉ እኩያው ነው» አልሁት። ሳቀ። ሳቁ ዓይኔን ለማየት አላስነሳውም።

ጠበልም ገባሁ፣ ሰባት ቀን። አጥማቂውን ቄስ «አባ፣ ቡዳ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ጠበሉን አትተዪ፣ ሐኪሙንም አትተዪ» አሉኝ። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ልጄ ሲሉኝ ግን ደስ ይለኛል።

ያኔ ነው መልካሙ «ዳባት የዓይን ነገር የሚያውቅ ሰው አለ አሉ» ብሎ የመጣው። መልካሙ የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ ደባርቅ ላይ እህል ይነግዳል፣ ሁልጊዜ የቸኮለ ነው። በሚኒባስ ይዞኝ ሄደ። ሰውዬው ዓይኔን በባትሪ አየና «ትርፍ ሥጋ ነው፣ አሁኑኑ እንቆርጠዋለን» አለ። መርፌ ወጋኝ፣ ቆረጠ። በመቀስ ይዞት አየሁት፣ የጣቴን ጥፍር ያህል ነው።

«ወዴት ልትወስደው ነው?» አልሁት።

«ምን ያደርግልሻል እማማ፣ ወጥ ልትሠሪበት ነው?»

እግሩ ሥር ባልዲ አለች፤ ጥጥና ያገለገለ ፋሻ ሞልቶባታል። እዚያ ውስጥ ጣለው። እኔም በቀልዱ ሳቅሁ። በሰው ላይ መቀለድ የኔ ሥራ ነው፤ ያን ቀን ግን የተቀለደው በሕይወቴ ነበር፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ዓመት ሳይሞላው ሥጋው ተመለሰ። አሁን ከላይኛው ቆብ ሥርም ገባ፣ ዓይኔን ወደ ውጭ ገፋው፣ ብሌኑንም ተጭኖ አጣመመው። አንድ ማለዳ በጎቼን ሳወጣ እጥፍ ሆነው አየኋቸው። መጀመሪያ ባለጸጋ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ብርቄም ሁለት ሆና ስትመጣ ደነገጥሁ፤ አንዷንም ለመቻል ስንት ጾም ጾሜ።

ጎንደር ወደ ሆስፒታል ሄድን። ሆስፒታል ስል የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ። አግዳሚው ላይ ከማለዳ እስከ ቀትር ተቀመጥን፤ አንዱ ዓይኑን በነጠላ ሸፍኖ፣ አንዷ ሕፃን ታቅፋ። ሰው ወረፋውን ለጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ ውሃ ሊጠጣ ይሄዳል፣ ሲመለስ ቦታው ይጠብቀዋል። ከአርማጭሆ የመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ነበሩ። ዳቦአቸውን ቆርሰው ሰጡኝና «ሚስት ይፈልጋሉ አሉ ብለሽ ለማንም አትንገሪ» አሉኝ። በዓይኔ ላይ እንዲህ ያለ ሥጋ ተቀምጦ ስሽኮረመም ብርቄ አየችኝ።

ቀዶ ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፣ ግን እንደ መልካሙ የቸኮለ። አየኝና ልጄን ይዞት ወደ ኮሪደር ወጣ። ሲመለሱ ከኔ ጋር ያወሩት ስለ ምሳ ብቻ ነው። በማግሥቱ ነርሷ አረንጓዴ ልብስ አለበሰችኝና ከቀኝ ቅንድቤ በላይ ፕላስተር ለጠፈችብኝ።

«ይኼ ምንድን ነው የኔ ልጅ?»

«ምልክት ነው እማማ፣ እንዳንሳሳት።»

«ምኑን እንዳትሳሳቱ?»

«የሚወጣውን ዓይን።»

ብርቄን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች። «መልካሙ ፈረመ፣ እማዬ» አለች። «እኔ ትጠየቅ ብዬው ነበር። እሺ አላለኝም።»

ልጄ ሳይጠይቀኝ ዶሮዬን እንኳ አርዶ አያውቅም። ዓይኔን ግን ፈረመባት። ፕላስተሩን ከግንባሬ ላጥሁና በሩ ላይ ወደቆመው መልካሙ ሄጄ እጁ ላይ ለጠፍሁለት። ነርሷን «ይኼን እጅ ቁረጡልኝ፣ ሳያስፈቅድ የሚፈርመው እሱ ነው» አልኋት።

«እማዬ፣ ካንሰር ሊሆን ይችላል አሉ» አለ መልካሙ። «ወደ አንጎል ሳይገባ ይውጣ አሉ። ሌላ ዓይን አለሽ። እኔ ሌላ እናት የለኝም።»

ንግግሩ ከበደኝ። ሌላ ዓይን አለሽ ሲል ግን እሱ የማያውቀው ነገር ነበር። ተነስቼ ወጥቼ፣ በዚያ አረንጓዴ ልብስ፣ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ብርቄና መልካሙ ተከትለውኝ ወጡ።

አንዲት ሴት ሐኪም ስታልፍ ቆመች። «እማማ፣ የቀዶ ጥገና ልብስ ለብሰው ውጭ ምን ያደርጋሉ?»

«ባለቤቱ ያልሆነ ሰው ሸጦኝ ነው» አልኋት።

ጎንበስ ብላ ዓይኔን ገለጠች። ከስንቱ በኋላ ዓይኔን በደንብ የገለጠችው እሷ ናት። ከዚህ በፊት ተቆርጦ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች፤ ዳባት ተቆርጧል አልሁ።

«የሥጋው ምርመራ ወረቀትስ?»

«ሥጋው ባልዲ ውስጥ ነው የቀረ።»

ፊቷ ተለወጠ። ግራውንም ገልጣ አየችና «በግራ ዓይንዎ ደህና ያያሉ?» አለችኝ።

«እንደ ንስር።»

ቀኝ ዓይኔን በመዳፏ ሸፈነችው። «ስንት ጣት ነው?»

«ሦስት።»

«አሁንስ?»

«አምስት። ቀለበትሽም ያምርብሻል።»

ከዚያ ብርቄ ቀስ ብላ «እማዬ» አለች፣ «ሌላው እጇ እኮ ኪሷ ውስጥ ነው።»

እንግዲህ ይኼ የኔ ጥፋት ነው፣ አልደብቅም። ግራ ዓይኔን ትራኮማ ከጨረሰው ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለይ። በጎቼ እጥፍ ሆነው የታዩኝም ሥጋው በተጫናት በቀኟ ብቻ ነው። ለማንም አልነገርሁም። በዚያ በኩል የሚመጣን ሰው በአረማመዱና በሳሉ እየለየሁ «እንደምን አደርህ እገሌ» እላለሁ፣ ሰውም ዓይኗ እንዴት ጎበዝ ነው ይላል። ለምን ደበቅሁ ብትሉኝ፣ ዓይን የሌላት አሮጊት መጀመሪያ የምትሻረው ከጓዳዋ ቁልፍ ነው። ጥግ ያስቀምጧታል፣ እፍኝ ቆሎ ይሰጧታል፣ በቃ። እኔ ጥግ አልወድም።

መልካሙ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ምነው ሳትጠይቀኝ?» አልሁት።

ሐኪሟ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ገብታ ተነጋገረች። ድምፃቸው እስከ ውጭ ይሰማ ነበር። ስትወጣ ነገሩን ለኔ ነገረችኝ፣ ለልጄ አይደለም። ዓይኑ ከወጣ ዕውር ነዎት፤ ሳይወጣ ቢቆይና ክፉው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሊገድልዎ ይችላል፤ ስሙን ሳናውቅ ግን መቁረጥ ልክ አይደለም፤ ከሥጋው ትንሽ ወስደን እንመርምረው፤ ውሳኔው የእርስዎ ነው። የእርስዎ ነው ስትለኝ ልቅሶዬ መጣ። ቀለም አመጡልኝ፣ በገዛ አውራ ጣቴ ፈረምሁ።

ሥጋውን ወስደው ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ ውሃ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተቱት። ወደ ምርመራው ክፍል የሚያደርስ ዘመድ ይምጣ ተባለ። «ስጡኝ፣ ቅርብ ዘመዱ እኔ ነኝ» አልሁ። ከሆዴ ያወጣኋቸውን ልጆች እንደዚያ አቅፌ አላውቅም። ተቀባዩን ልጅ «ባልዲ ካለህ መጀመሪያ ከዚህ አውጣልኝ» አልሁት። አልገባውም፣ ግን አወጣልኝ። እግዜር ይስጠው።

መልሱ በሳምንት ይደርሳል ተባለ። በሳምንቱ፣ ሥጋውን በሌላ ቀለም ነክረው ማየት አለባቸው፣ አዲስ አበባ ይላካል ተባለ። መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ። መልካሙ ሲመጣ ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ ዓይኔን ያያል፣ «ቢስፋፋስ?» ይላል፣ ይሄዳል። እኔም እውነት ብሎ እንደሆነስ እያልሁ እፈራለሁ፤ አፌ ግን አይናዘዝለትም።

ቤት ጭር ሲል ዕውርነትን እለማመድ ነበር። ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ ከአልጋዬ እስከ በሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ጨው የት እንዳለ፣ እንስራው የት እንደተቀመጠ በእጄ እየዳሰስሁ አጠና ነበር። አንድ ቀን ቅል ሰበርሁ። ብርቄ ድምፁን ሰምታ ገባች። ምን እንደማደርግ ሲገባት አላባበለችኝም። ነጠላዋን አጣፋች፣ የራሷን ዓይን ጨፈነች፣ እጇን ዘርግታ ወደኔ መጣች። ግንባር ለግንባር ተጋጨን። ግንባሯ ድንጋይ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን እስኪበቃን ሳቅን፤ ከዚያ እሷ አለቀሰች። ምራት እንደ ልጅ አትሆንም ያለው ሰው ብርቄን አላወቃትም። ይኼንንም ጻፊው፣ አትዝለዪው።

መልሱ መጣ። ሐኪሟ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ስሙ ሊምፎማ ነው። በሰውነታችን ውስጥ በሽታ የሚጠብቁ ወታደሮች አሉ፤ ከነሱ አንዳንዶቹ አምፀው አንድ ቦታ ሰፍረው ሲባዙ ሊምፎማ ይባላል። የካንሰር ወገን ነው። ዓይን ላይ ሲሰፍር ብርቅ ነው። «የእርስዎ ግን ቀርፋፋው ዓይነት ነው» አለችኝ፣ «ሌላ አካልዎ ላይም አላገኘነውም። በመድኃኒት ይሟሟል። ዓይን ማውጣት አያስፈልግም።»

«ዳባት የተጣለው ሥጋ ያኔውኑ ተመርምሮ ቢሆንስ?»

«ያኔውኑ ስሙን እናውቀው ነበር። ሳይገፋ፣ ሳይሰፋ።»

ይኼን ስሰማ ደስታውና ንዴቱ እኩል መጡብኝ። ንዴቱ ቀደመ።

በጨረር ማከሙ ይሻል ነበር አሉ፤ ግን አዲስ አበባ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ መንገዱም አይታመንም። ስለዚህ ጎንደር ላይ በየሦስት ሳምንቱ በክንዴ በሚንጠባጠብ መድኃኒት ተያዝሁ፤ ኬሞ ይሉታል። ስድስት ጊዜ ነው። ከመጀመሪያው በኋላ ሚኒባሱ ዳባት ሳይደርስ ሁለቴ አስቆምሁት። ተሳፋሪው አልተቆጣም፤ አንዷ ሎሚ ሰጠችኝ፣ ሹፌሩም «እማማ፣ አገሩ ሰፊ ነው፣ ወደፈለጉት ያስታውኩ» አለኝ። የበላሁት ሁሉ ብረት ብረት ይለኝ ጀመር። ፀጉሬ ሳሳ። ታከለች ልትጠይቀኝ መጥታ ራሴን አየችና «እኔ ወረንጦዬን ይዤ ስንቱን ስለፋ፣ መድኃኒቱ ባንድ ቀን ነቅሎ ጨረሰው» አለች። እሷ ባትኖር ኖሮ የምሞተው በሳቅ እጦት ነበር።

ከሦስተኛው በኋላ ዓይኔ ወደ ጎጆዋ መመለስ ጀመረች። በጎቼም ወደ ቁጥራቸው ተመለሱ፤ ደኸየሁ። በስድስተኛው ሐኪሟ ቆቡን ገልጣ አየች፣ ደግማ አየች። ሥጋው የለም። ሊመለስ ስለሚችል በየጥቂት ወሩ ይምጡ፣ አይቅሩ አለችኝ።

ያን ቀን ስንመለስ ሚኒባሱን ዳባት ላይ አስቆምሁትና ከብርቄ ጋር ወርጄ ወደዚያ ሰውዬ ክሊኒክ ገባሁ። አወቀኝ።

«እማማ፣ ዳንሽ አይደል?» አለኝ።

«ሊምፎማ ነበር። ባልዲህ ውስጥ ነው ስሙ የጠፋ።»

«ትርፍ ሥጋ መስሎኝ ነው።»

«ከኔ ወዲህስ ስንት ትርፍ ሥጋ ጣልህ?»

ወደ መቀሱ ዞረ። ይቅርታም አላለ። እኔም ድምፄን አልቀነስሁም፤ አግዳሚው ላይ ወረፋ የያዙት እንዲሰሙ ነበር የምፈልገው። ለነሱ ያልኋቸውን ለናንተም እላለሁ። ዓይናችሁ ውስጥ የማያም ሥጋ ከበቀለ፣ ቆባችሁን ሳይገልጥ ስም የሚሰጣችሁን አትመኑ። ከሰውነታችሁ የተቆረጠ ነገር ካለ የት እንደሚሄድ ጠይቁ፤ ተመርምሮ ወረቀቱ እጃችሁ እስኪገባ አትተዉ። የታመማችሁትንም አትደብቁ፤ እኔ ደብቄ ልጄን በጭፍን አስፈርሜዋለሁ። ይኼን የመጨረሻውን ለመናገር ነው ከሁሉ የከበደኝ። አንዲት ሴት ከወረፋው ተነስታ ልጇን ይዛ ወጣች። እሱ ይበቃኛል።

ደባርቅ ስንደርስ መልካሙ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ከዚያ ከፊርማው ቀን ጀምሮ ስለ ዓይኔ ነገር ተቀምጠን ተነጋግረን አናውቅም። በየሦስት ሳምንቱ ይሸኘናል፣ ይቀበለናል፣ ዕቃ ያነሳል፣ ይሄዳል። እኔም ንዴቴ አልወጣልኝም፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ብርቄ ውጤቱን ስትነግረው ፊቱን ወደ ጎን አዞረ።

እኔ ግን አየሁት። ጠሐዩ ፊቱ ላይ ነበር። ከጆሮው በላይ ሸብቷል፣ መቼ እንደሸበተ አላውቅም። ግንባሩ ላይ የአባቱ መስመር ወጥቶበታል። እኔ ሞት ሞት ስል ልጄ አርጅቷል።

«ምን ታዪኛለሽ፣ እማዬ?» አለኝ።

«የፈረምህባት ዓይን ናት የምታይህ። ሌላ የለኝም።»

አንገቱን ደፋ። መንገደኛው በግራና በቀኝ እየገፋን ያልፋል፤ ረዳቱ ጎንደር ጎንደር እያለ ይጣራል። አገጩን ያዝሁት፣ ሕፃን ሳለ አፉን ስጠርግለት እንደማደርገው።

«ቀና በል» አልሁት። «ገና አይቼ አልጨረስሁህም።»